ላፕቶፕ ስንገዛ ከ«አይ 7» በፊት ክብደቱንና ዋቱን እንጠይቅ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች

በጎጃም ወረዳዎች እየተዘዋወርሁ የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ሒሳብ የምመረምር ባለሙያ ነኝ። ላፕቶፕ ለእኔና ለሥራ ባልደረቦቼ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚውል ዕቃ አይደለም፤ አንዱን ሳምንት ከደብረ ማርቆስ ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ፣ ሌላውን ሳምንት በአማኑኤልና በደንበጫ በኩል ወደ ፍኖተ ሰላም በትከሻ የሚጓዝ፣ ማታ አልጋ በያዝንበት ቤት የሚከፈት፣ መብራት በጠፋበት የማኅበር ጽሕፈት ቤት ውስጥ በባትሪው ብቻ የሚሠራ መሣሪያ ነው። በየቀበሌው የሚዞረው የግብርና ባለሙያ፣ የጤናና የትምህርት ሱፐርቫይዘር፣ እንዲሁም ከባሕር ዳርና ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች ለጥናት መረጃ ሊሰበስብ ወደ ገጠር የሚወጣው ተማሪ ሁሉ የሚሠራው በዚሁ ሁኔታ በመሆኑ፣ የማነሣው ጉዳይ የብዙ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ።

ሐምሌ ጠብቶ አዲስ በጀት ሲለቀቅ የሚወጣውን የላፕቶፕ ግዥ ጨረታ ያነበበ ሰው የሚያገኘው ዝርዝር ከቦታ ቦታ እምብዛም አይለያይም፤ «ኮር አይ 7፣ 16 ጂቢ ራም፣ 15.6 ኢንች ስክሪን፣ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ ያለው» ይላል። ክብደቱ ስንት ኪሎ እንደሚሆን፣ ፕሮሰሰሩ (ሥራውን የሚያሰላው የኮምፒውተሩ ዋና ክፍል፤ «አይ 5»ና «አይ 7» የእሱ የደረጃ መጠሪያዎች ናቸው) ስንት ዋት እንደሚወስድ፣ ባትሪው ስንት ዋት ሰዓት (የሚያጠራቅመው ኃይል መጠን) እንደሚይዝ የሚጠይቅ መስመር ግን እኔ ባየኋቸው ሰነዶች ውስጥ አላጋጠመኝም። ሱቅም ብንሄድ ነገሩ ያው ነው፤ ሻጩ ስለ አይ 5 እና ስለ አይ 7፣ ስለ ራምና ስለ ጄነሬሽን (ፕሮሰሰሩ ስለሚመደብበት ትውልድ) አፉን ሞልቶ ይናገራል፤ ሲመዘን ስንት ይሆናል ተብሎ ሲጠየቅ ግን «ቀላል ናት፣ እስቲ ያዛት» ከማለት አያልፍም። ከዚህ የተነሣ የመስክ ባለሙያው ለጌም ወይም ለቪዲዮ ቅንብር የተሠራ፣ ከነቻርጀሩ ወደ ሦስት ኪሎ የሚጠጋ፣ ኤክሴል ሲከፈትበት እንኳ ማራገቢያው የሚጮኽ ዕቃ ፈርሞ ይረከባል።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት አንድ ነገር መያዝ ይበቃል። ላፕቶፕ ከሶኬት ወይም ከባትሪ የሚወስደው ኤሌክትሪክ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን መጨረሻው ሙቀት ነው። ስለዚህ ብዙ ዋት የሚበላ ፕሮሰሰር ሙቀቱን የሚያስወጣ ትልቅ ማራገቢያና የመዳብ ቱቦ ይፈልጋል፤ ማራገቢያውና ቱቦው የሚያርፉበት ወፍራም አካል ያስፈልጋቸዋል፤ የሚበላው ኃይል ደግሞ ትልቅ ባትሪና ትልቅ ቻርጀር ይጠይቃል። ክብደት፣ ሙቀት፣ ጩኸትና ባትሪው የሚቆይበት ጊዜ አራት የተለያዩ ጉዳዮች መስለው ይታዩን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጩት ከአንድ ቁጥር ነው፤ እሱም ዋቱ ነው።

የኢንቴል ኩባንያ ለላፕቶፕ በሚሠራቸው ፕሮሰሰሮች ስም መጨረሻ ላይ የሚገኘው ፊደል ይህን ቁጥር ይጠቁማል። በአገራችን ገበያ በብዛት በሚገኙት ጄነሬሽኖች «ዩ» የሚል ፊደል ያለባቸው በአብዛኛው በ15 ዋት፣ «ኤች» የሚል ያለባቸው ደግሞ በ45 ዋት የተመደቡ ናቸው፤ የኤኤምዲ ራይዘን ፕሮሰሰሮችም ተቀራራቢ አሰያየም ይከተላሉ። እነዚህ ቁጥሮች የመደበኛ ሥራ መለኪያ እንጂ ጣሪያ እንዳልሆኑ መታወቅ አለበት፤ ሥራ ሲበዛበት ሁለቱም ዓይነት ፕሮሰሰር ለአጭር ጊዜ ከዚያ በላይ ይወጣል። በላዩ ላይ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ ሲጨመርበት የዋቱ ድምር ከፍ እያለ ይሄዳል። 50 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ጽሑፍ በመጻፍና ሠንጠረዥ በመሙላት ጊዜ ስክሪኑን ጨምሮ 7 ዋት ገደማ የሚወስድ ላፕቶፕን ሰባት ሰዓት ያህል ሲያሠራ፣ ለዚያው ሥራ 17 ዋት የሚወስደውን ግን ሦስት ሰዓት እንኳ አያደርሰውም። ጧት ማኅበሩ ዘንድ ደርሶ መብራት የጠፋበት ሒሳብ መርማሪ በመጀመሪያው ላፕቶፕ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ፣ በሁለተኛው ግን ከምሳ በፊት ክዳኑን ዘግቶ የመብራቱን መምጣት ለመጠበቅ ይገደዳል።

«አይ 7 ከአይ 5 ይበልጣል» የሚለው እምነትም በዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ አባክኗል። ኢንቴል በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ስምንተኛውን ጄነሬሽን ሲያወጣ ባለ 15 ዋቶቹን አይ 5 ፕሮሰሰሮች ከሁለት ኮር (ሥራውን ተካፍለው ከሚሠሩ የፕሮሰሰር ክፍሎች) ወደ አራት ኮር አሳድጓቸዋል፤ ከዚያ በፊት የነበረው ሰባተኛው ጄነሬሽን አይ 7-7500ዩ ግን ስሙ አይ 7 ይሁን እንጂ ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ አይ 5-8250ዩ የያዘ ላፕቶፕ በዚያው 15 ዋት ከአይ 7-7500ዩ የተሻለ ሥራ ይሠራል፤ ተለጣፊውን ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ግን ለዝቅተኛው ከፍ ያለ ዋጋ ሊከፍል ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ ማንኛውም ፕሮሰሰር ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ በቀጭን አካል ውስጥ የታፈነ ኃይለኛ አይ 7 ሥራ ከጀመረ ጥቂት ደቂቃ በኋላ ባለቤቱ የከፈለበትን ፍጥነት የሚነፍገው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ የጎጃምን አቀማመጥ የሚመለከት፣ በሻጮችም በገዢዎችም ዘንድ ሲነሣ ያልሰማሁትን ነገር ላክል። ላፕቶፕን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው፤ አየር ደግሞ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይሳሳል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኙ ሲሆኑ፣ በደብረ ማርቆስ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚገፋው አየር መጠን ባይቀንስም አየሩ ስለሚሳሳ ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። የደብረ ማርቆስ ብርድ ይህን በከፊል ያካክሰዋል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ባሕር ዳር ውስጥ ለሚሠራ ሰው ግን ሙቀቱም የአየሩ መሳሳትም በአንድነት ይመጡበታል። ከደጀን አፋፍ ተነሥቶ ወደ ዓባይ ድልድይ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ በሚወርደው መንገድ ላይ ደግሞ ላፕቶፑን ሳይዘጋ ቦርሳ ውስጥ ከትቶ የሚጓዝ ሰው፣ በበረሃው ሙቀት ላይ የራሱን የላፕቶፑን ሙቀት እየጨመረበት መሆኑን ልብ ሊል ይገባል። ብዙዎቹ አምራቾች ላፕቶፖቻቸው እንዲሠሩ የሚመክሩበት ከፍተኛ የአካባቢ ሙቀት 35 ዲግሪ ነው፤ የከፍታውም ወሰን አብዛኛውን ጊዜ 3,000 ሜትር ገደማ ሆኖ ይጻፋል። ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሆነው የጮቄ ተራራ ለሚወጡ የአፈርና ውኃ ጥበቃ ባለሙያዎች ይህ የወረቀት ቁጥር ብቻ አይደለም፤ በተለይ የመዝገቢያ ጭንቅላቱ በሚሽከረከረው ዲስክ ላይ በቀጭን የአየር ሽፋን ተንሳፍፎ የሚሠራው የድሮው ሃርድ ዲስክ በሳሳ አየር ውስጥ ለብልሽት ይጋለጣል። የኮረኮንች መንገዱም መንገጫገጭ ለዚህ ዲስክ ጠላቱ ነው። የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ኤስኤስዲ ግን ሁለቱንም ይችላል፤ የሚወስደው ኃይልም አነስተኛ ነው።

ስለ ክብደት ስናወራ ቁጥር እንጥራ። ቲንክፓድ ኤክስ 1 ካርበን ስድስተኛው ትውልድ 1.13 ኪሎ፣ ዴል ላቲቲዩድ 7490 ከ1.4 ኪሎ ጀምሮ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ 5 ደግሞ 1.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ። ሦስቱም 14 ኢንች ስክሪን ያላቸውና ባለ 15 ዋት ስምንተኛ ጄነሬሽን ፕሮሰሰር የተገጠመላቸው ሲሆኑ፣ ዩዝድ ሆነው ከውጭ ከሚገቡት ላፕቶፖች መካከል የታወቁ ናቸው። በአንጻሩ ባለ 15.6 ኢንቹ የጌም ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ ብቻውን ከሁለት ኪሎ በላይ ነው። የአንድ ኪሎ ልዩነት ሱቅ ውስጥ ምንም አይመስልም፤ ከመናኸሪያ እስከ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በእግር የሚኬድበት ቀን ሲመጣ ነው የሚታወቀው።

ክብደቱም ዋቱም ያልተጻፈበት ላፕቶፕ ሲያጋጥም አሳባቂው ቻርጀሩ ነው። ቻርጀሩን ገልበጥ አድርጎ በጀርባው ላይ በደቃቃ ፊደል የተጻፈውን «አውትፑት» የሚለውን መስመር ማንበብና ቮልቱን በአምፔሩ ማባዛት ነው። 20 ቮልት በ2.25 አምፔር 45 ዋት፣ 20 ቮልት በ3.25 አምፔር 65 ዋት፣ 20 ቮልት በ6.75 አምፔር ደግሞ 135 ዋት ይሆናል። 45 ወይም 65 ዋት ያለው በመዳፍ ውስጥ ይያዛል፤ 135 ዋት የሆነው ግን ራሱን የቻለ ሸክም ነው፤ ላፕቶፑም ምን ያህል ኃይል እንደሚበላና ምን ያህል እንደሚሞቅ ገና ሳይከፈት ይናገራል። ሻጩ «ኦርጅናል ቻርጀሩ ጠፍቶ ነው፣ ይህም ይሆናል» ብሎ ሌላ የሚሰጥ ከሆነ ግን የላፕቶፑን ሆድ ገልብጦ የሚፈልገውን ቮልትና አምፔር ማመሳከር የገዢው ድርሻ ነው።

ቻርጀሩ በዩኤስቢ ሲ የሚሰካ መሆኑ ለተጓዥ ትልቅ እፎይታ ነው። እንዲህ ያለውን ላፕቶፕ ለዚህ ሥራ በተሠራ ኃይለኛ ፓወር ባንክ፣ በመኪና ውስጥ በሚሰካ ቻርጀር፣ አልፎም የባልደረባን ቻርጀር ተውሶ መሙላት ይቻላል፤ የድሮው ክብ ሶኬት ያለው ግን ቻርጀሩ ቤት የተረሳ ዕለት ባለቤቱን ሥራ ያስፈታዋል። ተራው የስልክ ፓወር ባንክ አብዛኛውን ጊዜ ላፕቶፕ የመሙላት ጉልበት ስለሌለው ሲገዛ ዋቱን ማየት ይገባል። ከባሕር ዳር በአውሮፕላን የሚጓዝም ሰው ከ100 ዋት ሰዓት ያልበለጠ ፓወር ባንክ ይዞ መግባት የሚችለው በእጅ ሻንጣው ብቻ መሆኑን ቢያውቅ መልካም ነው።

ጭራሽ ማራገቢያ የሌላቸው ላፕቶፖችም አሉ። አፕል በኅዳር 2013 ዓ.ም. ያወጣው ኤም 1 የተባለ ፕሮሰሰር ያለበት ማክቡክ ኤር 1.29 ኪሎ ይመዝናል፤ ማራገቢያ ስለሌለው ድምፅ የለውም፤ አቧራም ስቦ አያስገባም፤ ባትሪውም 49.9 ዋት ሰዓት ብቻ ሆኖ ሳለ ረጅም ሰዓት ያሠራል። በአቧራማ መንገድ ለሚውል ሰው ከዚህ የሚበልጥ ነገር በቀላሉ አይገኝም እል ነበር። ይሁንና በአገራችን ሒሳብ ቤቶች የሚሠራበት ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ለዊንዶውስ የተሠራ ነው፤ ብዙ ጸሐፊዎች የለመዱት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ፓወር ግዕዝም እንዲሁ። ለጋዜጠኛና ለተመራማሪ የሚስማማው ማክቡክ ኤር ለእኔ ሙያ የማይመቸው በዚህ ምክንያት ነው። በዊንዶውስ ከሚሠሩት መካከል 6 ዋት ብቻ የሚወስደው ኢንቴል ኤን 100 ለጽሑፍና ለመጠነኛ ሠንጠረዥ ይበቃል፤ ብዙ ሺህ መስመር ያለው ኤክሴል ሲከፈትበት ግን ያስጠብቃል።

ዩዝድ ለሚገዛ ሰው ከስሙ ይልቅ ሱቅ ውስጥ የሚያሳልፈው ሃያ ደቂቃ ይጠቅመዋል። ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ነቅሎ ቪዲዮ ከፍቶበት፣ ጎን ለጎን ሌሎች ፕሮግራሞችን አስነሥቶ መዳፉን ከኪቦርዱ በላይ በማጠፊያው በኩልና ከሥሩ ቢያስጠጋ፣ የሙቀቱን ቦታና መጠን ያገኘዋል። በማስወጫው ቀዳዳ በኩል ለብ ያለ አየር መውጣት አለበት፤ ማራገቢያው እየጮኸ አየሩ ግን የማይወጣ ከሆነ መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ጥገና ቤት የኋላ ክዳኑ ሲፈታ ያየሁት ላፕቶፕ፣ በማራገቢያውና በመዳቡ ክንፎች መካከል አቧራው እንደተዳመጠ ጥጥ ተጋግሮ ነበር፤ ባለሙያው በጥፍሩ ይዞ አንድ ወጥ አድርጎ አወጣው፤ በፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ፔስትም ደርቆ እንደ ቅርፊት ይነሣ ነበር። አቧራው ተጠርጎ ፔስቱ ሲታደስ ያ ላፕቶፕ ጩኸቱን አቆመ። ገዢው ይህን ወጪ አስቀድሞ ከዋጋው ጋር ቢደምረው አይከፋም። የባትሪውን ነገር ደግሞ ዊንዶውስ ራሱ በሚያወጣው የባትሪ ሪፖርት ማወቅ ይቻላል፤ ባትሪው አዲስ ሳለ የነበረውን አቅምና አሁን ሞልቶ የሚይዘውን አቅም አጠገብ ለአጠገብ ያሳያል። ከግማሽ በታች የወረደ ባትሪ ያለውን ላፕቶፕ የባትሪ መለወጫ ሳይቀንሱ መግዛት አይመከርም።

የዊንዶውስ ጉዳይ እዚሁ መነሣት አለበት። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጥቅሉ ከስምንተኛው ጄነሬሽን በታች ያሉትን በይፋ አይቀበልም። ርካሽ ሆኖ የሚቀርብ ስድስተኛና ሰባተኛ ጄነሬሽን የበዛውም አንድም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ከተገዛ በኋላ ሙቀቱን መቀነስ በከፊል በእጃችን ነው። አልጋ ላይ በብርድ ልብስ ወይም በጋቢ ላይ አስቀምጦ መሥራት የሥሩን የአየር መግቢያ ይደፍነዋል፤ ጠንካራ ነገር፣ ሌላው ቢቀር ትልቅ የመዝገብ ደብተር ከሥሩ ማድረግ ይበቃል። በዊንዶውስ የኃይል ቅንብር ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን ከ100 ወደ 99 በመቶ ዝቅ ማድረግ በኢንቴል ላፕቶፖች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የቅጽበት ፍጥነት ጭማሪውን ያጠፋዋል፤ ኤክሴል ላይ ልዩነቱ ብዙም አይታይም፤ ሙቀቱ ግን በግልጽ ይወርዳል። ሊትየም ባትሪ ሞልቶ ሙቀት ውስጥ ሲቆይ ቶሎ ስለሚያረጅ፣ ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ የሚውለውን ላፕቶፕ 80 በመቶ ላይ መሙላቱን እንዲያቆም ማዘዝ ይጠቅማል፤ ሌኖቮ፣ ዴልና ኤችፒ ለሥራ በሚሠሯቸው ብዙ ሞዴሎች ላይ ይህ ቅንብር ይገኛል።

ኃይለኛ ላፕቶፕ አያስፈልግም እያልሁ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ኦቶካድ የሚከፍት መሐንዲስ፣ የሳተላይት ካርታ የሚያቀናብር ባለሙያ፣ ቪዲዮ የሚቆርጥ የኮሙኒኬሽን ሠራተኛ 45 ዋቱም ግራፊክስ ካርዱም ይገባዋል፤ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ሶኬት አጠገብ ስለሆነ ክብደቱም አይጎዳውም። ቅር የሚያሰኘኝ ለእሱ የተጻፈው ዝርዝር እንዳለ ተገልብጦ ለመስክ ሠራተኛው መዋሉ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ገዝቶ ለሠራተኞቹ ካደላቸው እንዲህ ያሉ ላፕቶፖች መካከል ብዙዎቹ ዛሬ ከቻርጀራቸው ጋር ጠረጴዛ ላይ ተሰክተው ሲቀሩ፣ ሠራተኛው የመስክ መረጃውን በወረቀት ሞልቶ ሲመለስ እንደገና ወደ ኮምፒውተር ይገለብጠዋል፤ ግዥው ሊያስቀረው የታሰበው ድካም ይኸው ነበር።

ስለሆነም በየመሥሪያ ቤቱ የግዥ ኮሚቴ አባላት፣ ሰኔ ላይ የፍላጎት ዝርዝር ሲሰበሰብ ለመስክ ሥራ የሚገዛውን ላፕቶፕ ከቢሮው ለይተው እንዲጽፉት እጠይቃለሁ፦ ክብደቱ ከ1.5 ኪሎ ያልበለጠ፣ ፕሮሰሰሩ በ15 ዋት የተመደበ፣ ግራፊክስ ካርድ ያልተጨመረበት፣ 14 ኢንች ስክሪን፣ 16 ጂቢ ራም፣ ኤስኤስዲ፣ ባትሪው ከ50 ዋት ሰዓት ያላነሰ፣ ከ65 ዋት ባልበለጠ ቻርጀር በዩኤስቢ ሲ የሚሞላ። በዚህ ዝርዝር ውስጥ የማንም ኩባንያ ስም ስላልተጠራ ውድድሩን አያጠብም፤ ዕቃው ገቢ ሲሆንም በሚዛን ላይ ማስቀመጥና የቻርጀሩን ጀርባ ማንበብ ለንብረት ክፍሉ የደቂቃዎች ሥራ ነው። እናንተም ስለ አዳዲስ ላፕቶፖች በምትጽፉበት ጊዜ ከዋጋው ቀጥሎ ከነቻርጀሩ ያለውን ክብደትና የፕሮሰሰሩን ዋት ብታሰፍሩልን፣ በየወረዳው ያለ ሠራተኛ ወደ ሱቅ ሲሄድ የሚጠይቀውን አውቆ ይሄዳል።

ከአክብሮት ጋር
የሒሳብ ምርመራ ባለሙያ
ከደብረ ማርቆስ